የቡርዛንን ድምፅ በፖሊስ መኪና ላስጫኑት ክቡር አስተዳዳሪ

ለክቡር የአውራጃችን ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በገዛ እጄ የሠራሁትን የሬዲዮ ማሰራጫ በጠራራ ፀሐይ በፖሊስ መኪና አስጭነው ወስደውብኛል፤ ይህም ሳያንስ በመንደሬ ሰው ፊት የአየር ሌባ አሰኝተውኛል። ይህን ከሰላምታው ማስቀደሜን ከነውር እንዳይቆጥሩብኝ። የክቡርነትዎ ጊዜ ውድ እንደ መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር አልፈው እንደማያነቡ ስለ ነገሩኝ፣ ዋናውን ነገር እዚያው መስመር ላይ ማስፈር ትሕትና መስሎ ታየኝ።

አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ። ጤናዎ እንደምን ነው? በጎርፉ ቀን የበሰበሰው ልብስዎ ደርቆ፣ የያዘዎት ጉንፋን ለቅቆዎት፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ደህና ሆነው እንዲገኙ ምኞቴ ነው። ምኞቴ ከልብ ነው። ክቡርነትዎን በሕይወት ለማቆየት ምን እንደ ተከፈለ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጤናዎ እንዲሁ በከንቱ እንዲባክን አልሻም።

እኔ ታይፉር ቤግ የቡርዛን መንደር የውሃ አባት ነኝ። ከበረዶው ግግር ሥር የሚወጣውን ወንዝ በየቦዩ እየከፈልኩ ለገብሱም፣ ለድንቹም፣ ለአፕሪኮቱም በየተራው አደርሳለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ልጠግነው ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ተበላሽቶ የመጣልኝ ዕቃ ሁሉ ነው።

መንደራችን በገደል ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፤ ስልክ ከድልድዩ ወዲህ አይሠራም። ከግግሩ ጎን ደግሞ ሙቀት በገባ ቁጥር ሐይቅ ይጠራቀማል። አንዳንድ ዓመት ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ አንዳንድ ዓመት በረዶውን ሰብሮ እንዳለ ይወርድብናል። ይህን ቀድመው የሚያዩት በላይኛው ግጦሽ ከብት ይዘው የሚከርሙት ሴቶች ናቸው። በአባቶቻችን ጊዜ እነርሱ ጭስ ያስነሱ ነበር፤ እታች ደግሞ አንድ ሰው በየተራው ጉብታው ላይ ተቀምጦ ጭሱን ይጠብቅ ነበር። የውሃ ተራውንም የውሃ አባት ከዚያው ጉብታ ሆኖ እየጮኸ ያውጃል። እኔም ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼ፣ መጮኹ ሲያቅተኝ ማሰራጫ ሠራሁ።

ክቡርነትዎ ከፍተው ስላላዩት ውስጡ ምን እንደ ነበረ ልንገርዎ። ዕቃው ክፍል ክፍሉ ለየብቻው ተሠርቶ የሚመጣ፣ ገዢው ራሱ የሚገጥመው ነው። ከቆላው ከተማ በዱቄት መኪና አስመጣሁት። አንዱ ክፍል መዳፍ አይሞላም፤ ሞገዱን የሚፈጥረው እሱ ነው። ሁለተኛው የተፈጠረውን ያጎላል። ሦስተኛው ማጣሪያ ነው፤ ያለ እሱ ማሰራጫው የራሱን ቦታ ትቶ የሌላውን ሰው ሞገድ ያጨቀያል። መመሪያው በማላውቀው ቋንቋ ስለ ተጻፈ ሥዕሉን እያየሁ በዳበሳ መግጠም ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ማጉያ አቃጠልኩት፤ አንቴና ሳልሰካ ኤሌክትሪክ ለቀቅሁበት። መውጫ የሌለው ቦይ ላይ ውሃ እንደ መልቀቅ ነው፤ ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ የራሱን ግድብ ይበላል። የውሃ አባት ሆኜ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ሁለተኛ አስመጣሁ። አንቴናውን ከመዳብ ቧንቧ በልኩ ቆርጬ በረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አቆምኩት፤ ማጉያው እንዳይግል የአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ደቀንኩበት።

በመጀመሪያው ቀን የወፍጮው ባለቤት ናዝር ኩሊ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ መጣ። ከልጅነታችን ጀምሮ ሲያላግጥብኝ የኖረ ወዳጄ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃውን ስትቆነጥርልን ኖረህ አሁን ደግሞ ነፋሱን በተራ ልታድለን ነው?» አለኝ።

«ሂድና ሬዲዮህን ክፈት» አልኩት።

የዕለቱን ተራ በስም በስሙ ጠራሁ። ከወፍጮው በኩል ጩኸት መጣ፤ «ሰማሁህ! ድምፅህ ግን የታረደ ፍየል ነው!» ከዚያ በኋላ ሬዲዮውን ወፍጮው ማገር ላይ ሰቀለው። የድንጋዩ ጉርምርምታ ጆሮ ስለሚደፍን እስከ ጥጉ ከፍቶ ነበር የሚያዳምጠው።

ለላይኛው ግጦሽም ትንሽ ማሰራጫ ሠርቼ ለቢቢ ናማት ሰጠኋት። በእርሻ መካከል ሳይሆን በበረዶው ሥር ያረጀች፣ ሐይቁን እንደ ጥጃዋ የምታውቅ ሴት ናት። እሷ ከላይ ትናገራለች፣ እኔ ሰምቼ በትልቁ እደግመዋለሁ፣ ሸለቆው ሁሉ ይሰማል። ውሃው ሞላ፣ ጎደለ፣ ዛሬ ከብት ወደ ወንዙ አይውረድ። ወንጀላችን ይኸው ነው። ቅሬታዬን እንግዲህ በቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሣሩ። ተራው ሳይደርስ የቦይ በር የከፈተ ሰው ስሙ በአደባባይ ይጠራል፤ ይህ ከእኔም ከእርስዎም በፊት የነበረ ደንብ ነው። የገዛ አማቼን ጠርቼዋለሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ አላናገረኝም፣ በሩን ግን ዘጋ። ስለዚህ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያው ለሣሩ ሲል የድንቹን ውሃ በጠለፈ ጊዜ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ጠራሁት፤ «የእንግዳ ማረፊያው ሆይ፣ ተራህ አይደለም፣ በርህን ዝጋ።» ክቡርነትዎ በዚያች ሰዓት ከትልልቅ እንግዶች ጋር በዚያው ሣር ላይ ሻይ እየጠጡ ሬዲዮ ያዳምጡ እንደ ነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማሰራጫዬ ለአገር ደኅንነት እንደሚያሰጋ አልታወቀም ነበር። ሣሩ ስላሳወቀን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አወሳሰዱ። ፖሊሶቹን ይዞ የመጣው ፋርሩኽ የሚባለው ወጣት መሐንዲስ ጨዋ ልጅ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ያውቃል፣ ይህን ስል አላፍርም። በመሣሪያው ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ባባ፣ ማጣሪያውን ራስዎ ነዎት የገጠሙት?»

«ታዲያ ጎረቤት ይግጠምልኝ?»

«ንጹሕ ነው። ከቦታው አልወጣም። ግን ፈቃድ የለዎትም፣ እኔ ደግሞ ትእዛዝ አለብኝ» አለና መሬት መሬቱን አየ።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ለግለሰብ አይሰጥም አሉኝ፤ መንደሩን ሰብስቤ ማኅበር ሆነን መጣን። ማኅበሩ ከተማ ውስጥ ቢሮ ይኑረው አሉን። ከተማ ውስጥ የበረዶ ሐይቅ ስለሌለ ተመለስን። ሞገዱ የመንግሥት ሀብት ነው ተብሎ ተነገረኝ። ይሁን። እኔም ዕድሜ ልኬን የእኔ ያልሆነ ውሃ ሳካፍል ኖሬያለሁ፤ የእኔ ነው ብዬ ግን ጎረቤቴን በጥም አልቀጣሁም።

ፖሊሶቹ ትንሹንም ለመውሰድ እስከ ግጦሹ ወጡ። ቢቢ ናማት ከምታልባት ላም ሥር ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሬዲዮውንስ ውሰዱት፤ በረዶውን ለማን ትታችሁት ነው?» አለቻቸው አሉ። በወረቀቱ ላይ «ተባባሪ» ተብላ ተመዝግባለች። ማንበብ ስለማትችል ሹመት መስሏት ደስ ብሏታል፤ አላረምኳትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሳይረኑ። በማሰራጫዬ ፋንታ ድልድዩ አፍ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የማስጠንቀቂያ ሳይረን ስላቆሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መልኩ ያማረ ነበር። የሚሠራው በመንደሩ መብራት ነው፤ የመንደሩ መብራት የሚመጣው ከወንዙ ነው፤ የመብራቱ ውሃ የሚጠለፈው ደግሞ ከግግሩ አፍ ሥር ነው። ውሃ የመጣ ቀን አስቀድሞ የሚጠፋው መብራቱ መሆኑን ለሥራ ተቋራጩ ነግሬው ነበር። «ሽማግሌ፣ እኛ የምንተክለው ሳይረን እንጂ ማሽላ አይደለም፤ ዞር በል» አለኝ። ዞር አልኩ።

አራተኛውን ለመጻፍ እጄ ቶሎ አይታዘዘኝም፣ ቢሆንም ይጻፋል።

የሳይረኑ ምረቃ ቀን መንደሩ በሙሉ ድልድዩ ላይ ነበር። ፍየል ታርዷል፣ ሩዝ ተቀቅሏል፣ ከበሮ ይመታል። እኔ አልወረድኩም፤ ጣሪያዬ ላይ እንዲደርቅ ያሰጣሁትን አፕሪኮት እገለብጥ ነበር። ከላይኛው ግጦሽ ጭስ ተነሣ። ደግሞ ሁለተኛ ጭስ ከጎኑ። ሬዲዮው ከመጣ ወዲህ ጭስ የሚጠብቅ ሰው ጉብታው ላይ መቀመጡን ትተን ነበር፤ ሬዲዮው ሲወሰድም ማንም አልተመለሰም። ድልድዩ ላይ ያሉት ጭሱን አይተዋል። «ሴቶቹም ላይ ሆነው የበዓሉን ሥጋ እየጠበሱ ነው» ተባብለው ሳቁ አሉ። ሰው በድግስ ቀን ጭስ ሁሉ ከድስት ሥር የሚወጣ ይመስለዋል።

በዚያ ሰዓት ማሰራጫው ቢኖረኝ ከጣሪያው ወርጄ፣ ከክፍሌ ገብቼ አንዲት ቃል እናገር ነበር። የነበረኝ ግን ሁለት ያረጁ እግሮችና ከዘራ ነው። ከቤቴ የሚወርደው መንገድ ከዋልኑቱ ዛፍ ሥር ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ወደ ወፍጮው ይሄዳል፤ የግራው ወደ ድልድዩ። በቀኙ ናዝር ኩሊ ብቻውን ነበረ፤ ድግስ አይወድም፣ ደግሞም ስንዴ ተጠራቅሞበታል። በግራው መንደሩ ሁሉ ነበረ፣ ክቡርነትዎም።

ከዛፉ ሥር ቆሜ ወደ ቀኝ በኩል ተጣራሁ። ስሙን ደጋግሜ ተጣራሁ። የወፍጮው ድንጋይ ሲጉረመርም እኔ እስከ ቆምኩበት ድረስ ይሰማኛል። እሱ እንዴት ይስማኝ? የግራውን ያዝኩ።

መግቢያው ላይ ፖሊሱ ሻፊቅ አገደኝ።

«ባባ፣ ዛሬ አቤቱታ የለም። አለቃ ንግግር ላይ ናቸው።»

«ውሃ መጣ! ልቀቀኝ!»

«ውሃማ ለእንግዶች ቀርቧል፣ በጠርሙስ። ይልቅ አንቱም ገብተው ሩዝ ይቅመሱ።»

ያን ጊዜ ከእግራችን ሥር መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የመድረኩ አምፖሎች ጠፉ። ሻፊቅ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ያ ምን ማለት እንደ ሆነ አልጠፋውም። ፊቱ አመድ መስሎ እጁን አነሣልኝ። የድምፅ ማጉያው በባትሪ ስለ ነበር አልጠፋም። ክቡርነትዎ ስለ ሳይረኑ አስተማማኝነት እየተናገሩ ሳለ ማይክሮፎኑን ከእጅዎ የነጠቅኩት ስለዚህ ነው። ይህ በሥልጣን ላይ የተፈጸመ ድፍረት ተብሎ በክስ ወረቀቱ መግባቱን አይቻለሁ፤ በደስታ አምናለሁ።

«ቡርዛን! ውሃ! ወደ ላይ!» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ሰዉ ድምፄን ያውቀዋል። በየቀኑ ስሙንና ተራውን የሚጠራለት ድምፅ ነው። ማንም ለምን አላለም፤ እናቶች ልጅ አንስተው፣ ወንዶች ሽማግሌ አዝለው ዳገቱን ያዙ። ከመድረኩ ያልተነቃነቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ «ይህ ሰው ማነው? ማን ፈቀደለት?» ይሉ ነበር። ሻፊቅ እጅጌዎን ይዞ ባይጎትትዎ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለሚተካዎት ሰው በሆነ ነበር።

ድልድዩ ሄደ። ሳይረኑ አንድም ጊዜ ሳይጮህ ከነቀይ ቀለሙ ሄደ። ወፍጮውም ሄደ።

ናዝር ኩሊን ከታች፣ አኻያዎቹ መካከል አገኘነው። ልብሱን ያጠቡት ሰዎች ከስፌቱ ውስጥ ዱቄቱ አልለቅ አለ ብለው ነገሩኝ። ሚስቱ ደግሞ የነገረችኝን ልጻፍልዎ። ማሰራጫው ከተወሰደ በኋላም ሬዲዮውን ከማገሩ አላወረደውም ነበር፤ ሬዲዮው እንዲያው ባዶውን ሲንሿሿ ይውላል። «ዝጋው እንጂ፣ ባትሪ ትጨርሳለህ» ስትለው፣ «ያ ፍየል ሲመለስ እንዳያመልጠኝ» ይላታል።

አንድ አፍ አለኝ፣ ክቡር ሆይ፤ መንገዱ ግን ሁለት ነበር። እነዚያን ሁለት መንገዶች አንድ የሚያደርገውን ዕቃ እርስዎ ግምጃ ቤት ቆልፈውበታል። የግራውን በመያዜ አልጸጸትም፤ በግራው ልጆች ነበሩ። ነገር ግን ያንን ምርጫ በእኔ ላይ የጣለው በረዶው አይደለም።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ዘገባዎ። ቢሮዎ ባወጣው ጽሑፍ ሳይረኑ በጊዜው ጮኾ የመንደሩን ሕዝብ እንዳዳነ፣ የሞተው አንድ ሰውም «የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ችላ በማለቱ» እንደ ሆነ ተጽፏል። ቆየት ብሎም ቢሮዎ ሰው ልኮ ይህን በምስክርነት ብፈርም ክሱ እንደሚቀርልኝ፣ በአደባባይም የምስጋና ወረቀትና ካባ እንደምሸለም ነገረኝ። መልእክተኛው ትሑት ሰው ነበር፤ በጨው የፈላ ሻይ ሰጠሁት፣ ደረቅ አፕሪኮትም ቋጠርኩለት። ፊርማ ግን አልሰጠሁትም።

ካባው ለሚበርደው ይሰጥ። ክሱ ይቀጥል። አየር ሰርቄያለሁ ካሉ ልታሰር፤ በማይክሮፎኑ ካሉም ልታሰር። ማሰራጫዬን እንኳ ከዚህ በኋላ አልለምንዎትም። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ይሰርዟት። ናዝር ኩሊ ማስጠንቀቂያ ችላ ብሎ አያውቅም፤ ማስጠንቀቂያ ሲጠብቅ ነው የሞተው። ሚስቱ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ «እንዲያው ሰምቶ ዝም አለ ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ከነወፍጮው ከሄደ በኋላ የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ያንንም ለሳይረኑ ማቆሚያ አያድርጉት።

ሐይቁ እንደገና እየሞላ ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሐይቅ ደብዳቤ አይጠብቅም ለማለት ነው። ቢቢ ናማት ከላይ ናት፤ እኛ ከታች ነን፤ በመካከላችን የእርስዎ ቁልፍ አለ። መንደሩ አንድ ሰው በየተራው ጉብታው ላይ አስቀምጧል። ጉም የወረደ ቀን ግን ጭስ አይታይም፤ ጉም ደግሞ በዚህ ወር ሳይጠራ ይወርዳል።

ሣሩን ለምለም፣ ቢሮውን ሙቅ፣ ወረቀቱን የማያልቅ ያድርግልዎ። ወደ ቡርዛን ዳግመኛ የሚመጡ ከሆነም በየትኛውም ወቅት ይምጡ፤ መንደሩ እንግዳ አይገፋም፣ እኔም ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቀመጫ አዘጋጅልዎታለሁ።

ክቡርነትዎ በአየር ሌብነት የሚያውቁኝ፣ በሕይወት መኖርዎን ግን በፍጹም እንደ ቅሬታ ያልቆጠርኩት፣ ታዛዥነቴ ከውሃው ተራ የማያልፍ፣

ታይፉር ቤግ
የቡርዛን የውሃ አባት

ከደብዳቤው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ፖሊሱ ሻፊቅ ከቢሮዎ አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። ሰሞኑን በሸለቆው ሬዲዮዎች ላይ አንድ ድምፅ የውሃ ተራ እየጠራ፣ ስለ ሐይቁም እየተናገረ ነው ይባላል፤ ወንድ ነው የሚል አለ፣ ሴት ናት የሚል አለ፤ ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚናገር፣ ዕቃውን ማን እንደ ገጠመው እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውሸት አልጀምርም፤ ለእርስዎ እውነት መናገር ምን እንደሚያመጣም አይቻለሁ። ስለዚህ ስለ ሬዲዮ ለክቡርነትዎም፣ ለፍርድ ቤትዎም፣ ለሚተካዎትም ሰው ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ድረስ አንድ ቃል አልተነፍስም።